የውርጭ ዓመት መከር፦ ከጊሬሱን ተራሮች እስከ አይድን የበለስ ማሳ

ነሐሴ 11 ቀን 2017፣ ኢስታንቡል

ጉዞዬን ያቀድኩት መከሩን አስልቼ ነው። ቱርክ ውስጥ ኑቴላ የሚሠራበት ሄዝልነቱም፣ ፒስታቺዮውም፣ ዘቢቡም፣ በለሱም የሚሰበሰበው ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ያው ፍልሰታም አብሮ ገጠመኝ። ለጾመኛ ግን ከዚህ የተሻለ አገር የት ይገኛል?

የአክስቴ ልጅ ኤርፖርት ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ መጥቶ፣ ተምሮ፣ እዚሁ የቀረ ልጅ ነው። አስተርጓሚዬም ጓዝ ተሸካሚዬም እሱ ነው። ጾሙን ግን ከረሳው ቆይቷል።

ከሰዓት በኋላ የግብፅ ገበያ ወደሚሉት አሮጌ ገበያ ወሰደኝ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። በየሱቁ ደጃፍ ፍሬው ተቆልሏል። ባትገዙም ያቀምሷችኋል። እኔም ከክምር ክምር እየዞርኩ ይሄ የየት ነው፣ ያኛውስ እያልኩ ጠየቅኩ። አልመንዱ የካሊፎርኒያ ነው። ከዓለም አልመንድ ከአምስቱ እጅ አራቱ የሚመጣው ከዚያ አንድ ግዛት ነው። የካሹው መንገድ ደግሞ ያስቃል። ጥሬውን በማምረት አንደኛዋ ኮትዲቯር ናት። አብዛኛው ግን በጆንያ ተጭኖ ቬትናም ድረስ ይሄድና እዚያ ተፈልፍሎ ለዓለም ይሸጣል። የቡናችንን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም።

የአገሩ ፍሬ ዋጋ ግን አስደነገጠኝ። ለምን ተወደደ ስንል ሁሉም ሻጭ መልሱ አንድ ነው፦ ውርጭ። በሚያዝያ 2017 መጀመሪያ ላይ በተከታታይ ሌሊቶች የወረደ ውርጭ የአገሪቱን የፍራፍሬ አካባቢዎች መታቸው። ዛፎቹ አበባቸውን አራግፈው ለጋ ፍሬ በያዙበት ሰዓት ነው የመጣው። እኔ ታዲያ የአራት ወር ወሬ ገበያ ላይ ሰማሁ እንጂ ገና ምኑንም አላየሁም።

ነሐሴ 12፣ ጊሬሱን

አውሮፕላኑ ጥቁር ባሕር ላይ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። የኦርዱና የጊሬሱን ኤርፖርት የተሠራው ባሕሩን በድንጋይ ሞልተው ነው። ቀና ብሎ ላየ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ቀጥ ያለ ተራራ ነው፤ ተራራው ደግሞ እስከ አናቱ ሄዝልነት ለብሷል።

ነሐሴ 13፣ ጊሬሱን፣ ከከተማው በላይ ያለ መንደር

ዛሬ ቡሄ ነው። አገር ቤት ጅራፍ ሲጮህ እኔ በጠዋት ዳገት ስወጣ ነበር።

ያረፍንበት ቤት አባወራ ማሳቸው ከሁለት ሄክታር አይበልጥም። በዚህ ጠረፍ እንደሳቸው ያለ 400 ሺህ ገደማ ቤተሰብ አለ። የዓለምን ሄዝልነት ከግማሽ በላይ፣ በደህና ዓመት እስከ ሁለት ሦስተኛ፣ የሚያወጡት እነዚህ ቁርጥራጭ ማሳዎች ናቸው። ኢጣሊያ፣ አሜሪካ፣ ቺሊ፣ ጆርጂያና አዘርባጃንም ያመርታሉ፤ ሁሉም ተደምረው ግን ይችን ጠረፍ አያክሉም።

ለቀማው በእጅ ነው። ተክሉ እንደ ሌላው ዛፍ አንድ ግንድ የለውም፤ ከሥሩ ብዙ ሆኖ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው። ለቃሚዋ ቅርንጫፉን በአንድ ክንዷ ጎትታ ታጎነብሰዋለች። በሌላ እጇ ሦስትና አራት ሆነው አረንጓዴ ልብስ የለበሱትን ፍሬዎች ቀጭ ቀጭ እያደረገች ወገቧ ላይ የታሰረው ከረጢት ውስጥ ትጥላለች። እግሯ ግን ሥራ አይፈታም። ዳገቱ እንዳያንሸራትታት አንዱን እግር ከቁጥቋጦው ሥር ትወትፈዋለች። እኔም ሞከርኩ። «አብላ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ብዪ» አሉኝና ሳቁብኝ። አብላ ታላቅ እህት ለምትሆን ሴት ሁሉ የሚሉት ነው።

ለቃሚዎቹ የዚህ አገር ሰዎች አይደሉም። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ተሳፍረው ከኡርፋና ከማርዲን አካባቢ፣ ማለትም ከደቡብ ምሥራቅ፣ የመጡ ናቸው። ከጆርጂያ ድንበር ተሻግረው የሚመጡም አሉ። ቤተሰቡ በሙሉ ድንኳን ተክሎ ነው የሚከርመው። ከማሳው ዳር አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ የራሱ ከረጢት ወገቡ ላይ ታስሮለት አየሁ። የቱርክ ሄዝልነት በአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የሕፃናት ጉልበት ዝርዝር ውስጥ የገባው በዚህ ነው። የልጁን እናት ስጠይቃት ትምህርት ሲከፈት እንመለሳለን አለችኝ። ከሄዝልነት በኋላ ግን ጥጥ ለቀማ አለ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ጥጡን አይጠብቅም።

የተለቀመው ግቢ ውስጥ አውድማ ላይ፣ ሸራ ተነጥፎ ይሰጣል። ልብሱ ሲጠወልግ በማሽን ይፈለቀቃል፤ ፍሬው ደግሞ እንደገና ይሰጣል። አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት የሚባለው ለጥቁር ባሕር ሰው አልተነገረውም። ስጥ ላይ ዝናብ ሲመጣ እኛ ሰፈር እንደሚሆነው ሁሉ ግቢው በአንዴ ተተራመሰ። አያትየው በከዘራ፣ ልጆቹ በእጃቸው፣ እኔም በአቅሜ ሸራውን ጎተትን። ፍሬው ከረጠበ ይሻግታል፤ ከሻገተ ዋጋ የለውም።

ማታ ቅቤና አይብ ቀረበ። ጾም ላይ ነኝ ብዬ አስረዳሁ፤ የአክስቴ ልጅ እየሳቀ ተረጎመው። ሴትየዋ ምንም አላሉም። ተነሱና አንድ ትሪ የተቆላ ሄዝልነት ከትኩስ ዳቦ ጋር አምጥተው ከፊቴ አኖሩ። እሱም ቅቤውን ትቶ ወደ እኔ ትሪ ዞረ።

ነሐሴ 14፣ ጊሬሱን ከተማ

ዛሬ አባወራው አንድ ጆንያ ለነጋዴ ሲሸጡ አብሬ ሄድኩ። ክርክሩ በኪሎ መስሎኝ ነበር። ነጋዴው ግን ከጆንያው መሃል እጁን አስገብቶ ዘገነ። የዘገነውን መዘነ። በትንሽ ማሽን ሰበረው። ቅርፊቱን በአንድ ወገን፣ ፍሬውን በሌላ ወገን አደረገ። ከዚያ ፍሬ ፍሬውን እየገለበጠ የጨማደደውን፣ የሻገተውንና ጥቁር ነጥብ ያለበትን አወጣ። ደህናውን እንደገና መዘነ። ከመቶ ግራም 50 ግራም ደህና ፍሬ ከወጣ የተቆረጠው ዋጋ ይከፈላል። ከዚያ ሲያንስ ይቀነሳል፣ ሲበልጥ ይጨመራል። የአባወራው 47 ላይ ቆመ። አንድ ዘገን ፍሬ የዓመቱን ጆንያ ሁሉ ዋጋ ወሰነ ማለት ነው። ሚዛኗን እንደ ልብ ትርታ ነው ያዩዋት።

ጥቁር ነጥቡ የትኋን ሥራ ነው። ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ቡናማ፣ ሲነኩት የሚገማ ትኋን ነው። ቅርፊቱን ወግቶ ፍሬውን ይመጠዋል። ፍሬው ይመራል። መንግሥት እንቁላሉን የሚያጠፋ ጥቃቅን ተርብ እያራባ እየለቀቀ ነው።

የመንግሥት የእህል ድርጅት ዘንድሮ በኪሎ 200 ሊራ ገደማ ቆርጧል። ነጋዴው ከዚያ በላይ እየሰጠ ነው፤ ምክንያቱም ፍሬ የለም። ከሱ በላይ ላኪው አለ። ከላኪው በላይ ደግሞ ቸኮላት ሠሪው። ኑቴላን የሚሠራው የኢጣሊያው ፌሬሮ ከዓለም ሄዝልነት ሩብ ያህሉን ብቻውን ይገዛል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቱርክ ትልልቅ ሄዝልነት ላኪዎች አንዱን ጠቅልሎ ገዝቷል። የሚያዝያ ውርጭ የተራራውን ከፍታ የያዙትን ማሳዎች ሲመታ፣ ወሬው ቶሎ የደረሰው አውሮፓ ነው።

ነሐሴ 15

ሙሉ ቀን መሰናዶ፣ ሙሉ ሌሊት አውቶቡስ። ረዳቱ በየሰዓቱ ሻይና ብስኩት ያዞራል። ብስኩቱ ውስጥ ወተት አለ። ሻዬን ጠጣሁ።

ነሐሴ 16፣ ማላትያ

ፍልሰታ ተፈታ! ማላትያ በወረቀት ተጠቅልሎ በሚበስል የበግ ሥጋ ትታወቃለች። ቁርስ ላይ እሱን ነው የጠየቅኩት። የአክስቴ ልጅ «እታለም፣ ገና ሦስት ሰዓት ነው እኮ» አለኝ። ይሁና።

ከተማዋ ገና ቁስሏ አልዳነም። ጥር 29 ቀን 2015 በአንድ ቀን ሁለት ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ያስተናገደችው። መሃል ከተማው አሁንም ክሬንና አቧራ ነው። ብዙ ሱቅ ኮንቴይነር ውስጥ ነው የሚሠራው።

የዓለም የደረቀ አፕሪኮት ከግማሽ በእጅጉ የሚበልጠው የሚወጣው ከዚህች ከተማ ዙሪያ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ብርቱካንማውን ካያችሁት፣ የማላትያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የአፕሪኮት ገበያቸው ሄድን። በደህና ዓመት መሬቱ በፍሬ ክምር አይታይም ይላሉ። ዘንድሮ የተቀመጡት ጥቂት ጆንያዎች ናቸው። እነሱም ያለፈው ዓመት ክምችት ናቸው።

አንድ አዛውንት ነጋዴ ሻይ አስቀረበልን። አፕሪኮት ቸኩሎ የሚያብብ ዛፍ ነው አለ። ሚያዝያ ሲገባ ፍሬው የጣት ጫፍ ያክላል። ያኔ ውርጭ ከመጣ መድኃኒት የለውም። በዚያ ሰሞን ገበሬው ማሳው መሃል ጎማና ገለባ ሲያቃጥል አደረ። ጠዋት ፍሬዎቹን ሲሰነጥቋቸው ውስጣቸው ጠቁሯል። የማላትያ ምርት ከሞላ ጎደል ሙሉው ጠፋ። «መንቀጥቀጡ ቤቱን ወሰደ፣ ውርጩ ዛፉን» አለ። አላለቀሰም። ስኳር ጨምሮ ሻዩን አማሰለ።

ነሐሴ 17፣ ማላትያ

ከውርጩ በተረፈች አንዲት ሸለቆ ሄደን የማድረቂያውን ዘዴ አየሁ። አፕሪኮቱ የሚለቀመው በሐምሌ ነው፤ ስለዚህ የደረስኩት ከበዓሉ ማግስት ነው። ግን ዕቃው ሁሉ አለ።

ፍሬው በሣጥን ሆኖ ዝግ ክፍል ውስጥ ይገባል። ድኝ ይቃጠልበታል። ጭሱ ውስጥ ያድራል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ትንሽ ሲጠወልግ ሴቶች ጎኑን በጣታቸው ጨመቅ ያደርጉትና ፍሬው ዘሩን ይተፋዋል። እንደገና ይሰጣል። አራት ኪሎ ገደማ እርጥብ አንድ ኪሎ ደረቅ ይወጣዋል። ዘሩም አይጣልም። ጣፋጩ ተሰብሮ እንደ አልመንድ ይበላል፤ መራራው ለቅባትና ለመዓዛ ይሄዳል።

ያ የሚያምር ብርቱካንማ ቀለም የድኙ ነው። ድኝ ያልነካው ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ ለዓይን የማይስብ ነው። የአውሮፓ ሕግ በአንድ ኪሎ ፍሬ እስከ 2,000 ሚሊግራም የድኝ ጋዝ (ሰልፈር ዳይኦክሳይድ) ድረስ ይፈቅዳል። ሁለቱንም ቀመስኩ። ለኔ ቡናማው ይበልጣል፤ ማር ማር ይላል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ጥያቄም የለው፣ ቡናማውን ይግዛ።

ነሐሴ 19፣ ጋዚያንቴፕ

እዚህ ሙቀቱ ይጋረፋል። ፒስታቺዮ ሴቴና ወንዴ ዛፍ አላት። ለአሥር ሴቴ ገደማ አንድ ወንዴ ይተከላል፤ ቀሪውን ነፋስ ይጨርሰዋል። አንድ ዓመት ታፈራለች፣ በሚቀጥለው ታርፋለች። ተራው ዘንድሮ የእረፍት ነው።

የዚህ ከተማ ባቅላቫ ሠሪዎች ሙሉ በሙሉ የበሰለውን አይፈልጉም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ያለጊዜው የሚለቀም ትንሽ ፍሬ አለ። ውስጡ የቅጠል አረንጓዴ ነው። ምርቱ ያንሳል፣ ዋጋው ይሰቀላል። አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጡን ሲያነጥፉ አየሁ። በወረቀት ስስነት የተዳመጠ ሊጥ ላይ አረንጓዴውን ዱቄት እፍኝ እፍኝ እየበተኑ ይሄዳሉ። ባለሙያው ሊጡን አንስቶ በስተጀርባው ጋዜጣ አነበበልኝ። የምሩን ነው፤ ፊደሉ ይለያል።

ወሬው ሁሉ ግን የዱባይ ቸኮላት ነው። ውስጡ የፒስታቺዮ ክሬምና የተጠበሰ ቃጫ መሰል ሊጥ ያለበት ማለቴ ነው። ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ተጀምሮ፣ በ2023 መጨረሻ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰው። ከዱባይ ለእረፍት የሚመጡ እህቶቻችን ሻንጣ ውስጥ እሱ የማይጠፋው በዚህ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካ የተፈለፈለ ፒስታቺዮ በፓውንድ ከ7.65 ወደ 10.30 ዶላር ወጣ።

አዎ፣ የአሜሪካ ነው ያልኩት። ዛሬ በፒስታቺዮ አንደኛዋ ቱርክም ኢራንም አይደሉም፤ ካሊፎርኒያ ናት። ዘሩን ከኢራን የወሰደው ዊልያም ኋይትሃውስ የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሄዶ፣ በ1930 ወደ 9 ኪሎ ዘር ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ውስጥ ጥሩ ሆኖ የተገኘው አንድ ዓይነት ከርማን ተባለ። ቴህራን ውስጥ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ከታገቱ በኋላ ንግዱ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ አሜሪካ በኢራን ፒስታቺዮ ላይ ከ241 በመቶ በላይ ቀረጥ ጫነች። የካሊፎርኒያ ገበሬ ከዚያ በኋላ ወደኋላ አላየም። ጋዚያንቴፖች ይሄን ታሪክ ስትነግሯቸው ፊታቸው ይኮሳተራል። «ትልቅ ነው፣ ጣዕም ግን የለውም» ነው መልሳቸው። አዲስ አበባ ላይ ስለ ብራዚል ቡና ቢጠይቁን እኛስ ምን እንል ነበር?

ነሐሴ 22፣ ማኒሳ

ከኢዝሚር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። እስከ አድማስ ድረስ ወይን ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ አንድ ነገር ያስባል፦ ቅዳሴ። ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ብለን ለቤተ ክርስቲያን የምንሳለው ዘቢብ ይሄው ነው። የኛ ካህናት ለቁርባን የሚጠቀሙት ዘቢቡን ዘፍዝፈው የሚጨምቁትን ነው።

የማኒሳው ወይን ዘር የለውም። ገበሬው ዘለላውን ከመስጣቱ በፊት ፖታሽ የሚባል ጨውና የወይራ ዘይት ያለበት ውሃ ውስጥ ነከር ያደርገዋል። ቆዳው ላይ ያለው ሰም ሲለቅ ውሃው ቶሎ ይወጣል። ከሳምንት በጥቂት ቀን ባለፈ ጊዜ ይደርቃል። ሳይነከር ቢሰጥ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ መልኩም ይጠቁራል። ንግዱ የሚፈልገው ወርቃማውን ነው። በቀለሙ ቁጥር ይሰጡታል፤ መለኪያ ሆኖ ዋጋ የሚጠራው በ9 ቁጥሩ ነው። አብዛኛው ወደ እንግሊዝ፣ ጀርመንና ኔዘርላንድ ይሄዳል። የእንግሊዝ የገና ኬክ ያለዚህ ሸለቆ አይታሰብም። ውርጩ እዚህም ለጋውን ቀንበጥ መትቶታል። ከሁለት ማሳ አንዱ ላይ ዘለላው ሳሳ ያለ ነው።

እናቴ ለደብሯ ዘቢብ አምጪ ብላኛለች። ፖታሽ የነካው ለቁርባን ደስ አላለኝም። ገበሬው ነገሩ ሲገባው ለቤቱ ሳይነክር ያደረቀውን ጥቁሩን ሰፍሮ ሰጠኝ። ብር አልቀበል አለ። «ለጸሎት ቤት አይሸጥም።»

ነሐሴ 24፣ አይድን

በባቡር መጣን። የኢዝሚርና የአይድን ሐዲድ ከቱርክ ሐዲዶች ቀዳሚው ነው፤ አይድን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። የሸለቆውን በለስ ወደብ ካደረሱት መንገዶች ዋናው እሱ ነበር።

በለስ ስል እሾሃሙን የትግራዩን አይደለም፤ የመጽሐፍ ቅዱሱን ነው። ከሌሎቹ ፍሬዎች የሚለየው ዛፉ ላይ እንዳለ መድረቅ መጀመሩ ነው። ግማሽ ሲደርቅ በራሱ መሬት ይወድቃል። ሴቶች እየዞሩ ይለቅሙታል። የሚቀረውን ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ላይ ይጨርሳል። ሰኔ ላይ ገበሬው የዱር በለስ ገዝቶ ዛፉ ላይ ይሰቅላል። ከውስጡ የምትወጣው በጣም ትንሽ ተርብ ወደ ደህናው በለስ ገብታ ካላዳቀለችው ፍሬው አይዝም፤ ይረግፋል። ለተርብ ገበያ አለ ብትባሉ ታምናላችሁ?

ከሰዓት በኋላ አንድ ማሸጊያ ገባን። ከጉዞው ሁሉ አልረሳውም የምለው ክፍል እዚያ ነው። ጨለማ ክፍል ነው። መብራቱ ሐምራዊ ነው። ነጭ ቆብ ያደረጉ ሴቶች በሚሄድ ቀበቶ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። በለሱ በመብራቱ ሥር ደብዛዛ ግራጫ መስሎ ያልፋል። በመሃል አንዱ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ነጥብ ብልጭ ይላል። አጠገቧ ያለችው ሴት እጇን ሰደድ አድርጋ ታነሳዋለች። ነጥቡ ሻጋታ ያለበት ምልክት ነው፤ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። የአውሮፓ ሕግ በደረቀ በለስ ላይ የሚፈቅደው በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው። በአንድ ቶን 10 ሚሊግራም ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ጭነቱ ከድንበር ይመለሳል። የተነሳው በለስ ለብቻው ይቆለፍበታል፤ ለሰው ምግብ አይሆንም።

በዚህ ጊዜ ባቢሌ ትዝ አለኝ። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ስትሄዱ መንገድ ዳር በላስቲክ የሚሸጥላችሁ ለውዝ ስሙ የታወቀ ነው፤ ጣዕሙም ይገባዋል። የሚያውከው ግን ይሄው አፍላቶክሲን ነው። መከሩ ሊደርስ ሲል ዝናብ ሲቋረጥ፣ ከተነቀለ በኋላ ቶሎ ሳይደርቅ ሲቀር፣ እርጥበት ያለበት መጋዘን ውስጥ ሲከርም ይገባበታል። እኛ ጨለማ ክፍሉም ሴቶቹም የሉንም። የበላነው ሁሉ የተፈተሸ መስሎን እንቆረጥማለን።

ለማሸጊያው የጥራት ኃላፊ ይሄንን አጫወትኳት። መብራቱ ለለውዝ እምነት አይጣልበትም አለችኝ፤ ለሱ ላብራቶሪ ነው የሚያስፈልገው። መብራቱም ቢሆን የመጨረሻው በር ነው። ዋናው ፍሬውን ከመሬት ቶሎ ማንሳትና ቶሎ ማድረቅ ነው። ለገበሬዎቻቸው ከፍ ያለውን አልጋ ያለማመዱት ለዚህ ነው። ከዚያ ሳቅ ብላ «ያንን ለውዝሽን ሁለት ኪሎ ላኪልኝ፣ ከነቅርፊቱ ይሁን፣ እኛ ላብራቶሪ እናስገባዋለን» አለች። የአክስቴ ልጅ ስልኳን መዘገበ። የባቢሌ ለውዝ የሚነቀለው በጥቅምት ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ሐረር የሚወርድ ሰው ካለ መልእክት ይላክልኝ፤ የጆንያውንም የፖስታውንም እኔ እከፍላለሁ።